ዝናብ ሲመጣ ሰው የት ይጠለላል?

(ምስል፦ ደሴ፣ ፒያሳ። የነሐሴ ዝናብ።)

ጤና ይስጥልን። ዛሬ የምናወራው በድሮ ሰፈር ውስጥ አዲስ ሕንፃ ስለመሥራት ነው። መጀመሪያ ግን ሰዉን እዩት። ዝናቡ ሲጀምር ወዴት ሮጠ? ወደ አሮጌዎቹ ሱቆች። ቆርቆሮው ከግድግዳው አንድ እርምጃ ያህል ወጣ ስላለ ሥሩ ደረቅ ነው። አጠገቡ ያለው ባለመስታወት ሕንፃ ሥር ግን ማንም የለም። እዚያ ለቆመ ውሃው ቀጥታ ማጅራቱ ላይ ነው። እኔም ቀምሻታለሁ።

(ምስል፦ ከተማዋ ከጦሳ ተራራ ላይ ስትታይ።)

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ዳገት፣ ብርድ፣ ጉም። ንጉሥ ሚካኤል መቀመጫቸው አድርገዋት አይጠየፍ አዳራሽን ሠሩባት፤ ድሃ ሀብታም ሳይለይ የሚበላበት ቤት መሆኑን ስሙ ራሱ ይናገራል። ፒያሳ ደግሞ የጣሊያን ዘመን አሻራ አለበት።

እዚህ መሐል ጂ ፕላስ 5 ልንሠራ ነው እንበል። አንዱ ባለቤት ሰማያዊ መስታወትና ክላዲንግ (ግድግዳ ላይ የሚገጠም ማልበሻ) ያለብሰዋል። ሌላው «የድሮ ይምሰል» ብሎ የሲሚንቶ ቅስት ይለጥፍበታል። ለእኔ ሁለተኛው ይብሳል። የመጀመሪያው ሰፈሩን አላየውም፤ ሁለተኛው አይቶ ቀለደበት።

እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር፣ ስለ ቅርስ ጥበቃና ጥገና የሚናገረው ዓለም አቀፍ ሰነድ፣ የቅርሱ አካባቢ ይጠበቅ፣ የመጠንና የቀለም ዝምድናውን የሚያፋልስ ግንባታ አይፈቀድ ይላል። በጥገና ጊዜ የግድ የሚጨመር ነገር ደግሞ የዘመኑን መልክ ይያዝ፣ ከጥንቱ ይለይ ይላል። አስመስላችሁ ሥሩ አላለም።

(ምስል፦ ሜትር የያዘ እጅ፣ የሱቅ በር።)

ስለዚህ ሜትር ይዛችሁ ውረዱ። የእያንዳንዱ ሱቅ ስፋት ስንት ነው? 4 ሜትር ይሁን። የእናንተ ቦታ 20 ሜትር ከሆነ ፊቱን አንድ ወጥ መስታወት አታድርጉት፤ በኮለን (በምሰሶ) ለአምስት ክፈሉት። አላፊ አግዳሚው ሳያውቀው ዓይኑ ይቆጥረዋል። ከዚያ የቆርቆሮውን ጠርዝ ለኩ። የታችኛው ፎቅ እዚያ መስመር ላይ በረንዳ ያውጣ፤ የላዮቹ ፎቆች ትንሽ ወደ ኋላ ይሽሹ። ቁሱ ብሎኬት ሊሆን ይችላል፣ ችግር የለውም።

ጣሪያውንም አትርሱ። ሌላ ከተማ ጣሪያ ማን ያየዋል? ደሴ ላይ ግን ጎረቤት ከዳገቱ ሆኖ ቁልቁል ያያችኋል፤ ጥቁሯን ሮቶ ጨምሮ።

የተመዘገበ ቅርስ መጠገን ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅድሚያ የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል።

(ምስል፦ ቁልቁለት መንገድ፣ ከጎን።)

አሁን የእኔን ብሶት ስሙኝ። አሮጌዎቹን ሱቆች ከጎን እዩዋቸው። መንገዱ ሲወርድ እነሱም አንድ አንድ ደረጃ ይወርዳሉ። የሁሉም ደፍ እግረኛው ጋ ነው። አዲሱ ሕንፃ ወለሉን ከላይኛው ጫፍ ጋር አስተካክሎ እስከ ታች ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ታችኛው ጫፍ ላይ ሰው የሚያክል ደረቅ ግንብ ይቀራል፤ እሱን ለመውጣት ደግሞ የእግረኛውን መንገድ የዘጋ ደረጃ። እቃ የያዙ እናት እዚያ ሲደርሱ አስፋልት ላይ ይወርዳሉ፣ ባጃጁ ጥሩንባውን ይነፋል። ወለሉን ሁለት ቦታ ዝቅ ማድረግ እኮ በዲዛይኑ ወረቀት ላይ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር።