መጸለይ ሲያቅተን ማን ይጸልይልናል?

ሰላማችሁ ይብዛ ወገኖቼ፣ ጌታ ይባርካችሁ። ከሥራ ወጥታችሁ፣ በዚህ ዝናብ ታክሲ ተሰልፋችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ልጅ አዝላችሁ ነው የመጣችሁት፣ ስለዚህ በመግቢያ አላደክማችሁም። በመከራ ጊዜ ተስፋ ከየት ይመጣል የሚለውን እንድናገር ነው የተጠየኩት። እኔ ፓስተር አይደለሁም፣ ቲኦሎጂም አልተማርኩም፣ የቤት ለቤት ኅብረት የማስተባብር እህታችሁ ነኝ። በዚህ አገልግሎት ግን ብዙ ቤት ገብቻለሁ ብዙ ለቅሶም ተቀምጫለሁ፣ እዛ ያየሁትን እና ቃሉ የሚለውን ነው የማወራችሁ።

ጊዜው ከብዷል። እዚህ መሀላችን ልጇ ከጦርነት ያልተመለሰላት፣ ሞተም አለም ተብሎ ያልተነገራት እናት አለች። ወንድሙ በየመን በኩል ወደ ሳውዲ ወጥቶ ስልኩ የተዘጋ ልጅ አለ። ቤቱ ፈርሶ፣ ከዕድሩም ከጎረቤቱም ተነቅሎ ከተማ ዳር የገባ አባት አለ። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ደግሞ ደሞዙ እዛው ቆሞ የስኳር መድኃኒት የሚገዛ ሰው እንዴት ወር እንደሚደርስ እናንተ ታውቁታላችሁ እኔ አልነግራችሁም። እና ይሄን ሁሉ ተሸክመን እሁድ ቸርች እንመጣለን፣ በር ላይ እንዴት ነሽ ስንባል "ጌታ ይመስገን በጣም ደህና" እንላለን፣ ከዛ ቤት ገብተን ትራስ ነክሰን እናለቅሳለን። ለምን ቢባል አዝኛለሁ ካልኩ እምነቷ ወርዷል ይሉኛል ብለን ስለምንፈራ ነው።

እኔ ዛሬ ይዤ የመጣሁት አንድ ነገር ነው። እምነት በመከራ ጊዜ ለብቻ የሚያዝ ነገር አይደለም። አንዱ ሲደክመው ሌላው ይይዝለታል፣ ነገ ደግሞ ተራው ይቀየራል። ይሄ ከራሴ ያመጣሁት ሐሳብ አይደለም፣ መጽሐፍ ቅዱሱ ሙሉ እንደዛ ነው።

ኤልያስን እንየው። አንደኛ ነገሥት 18 ላይ በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ያወረደ ሰው 19 ላይ በክትክታ ዛፍ ሥር ተኝቶ ይበቃኛል ነፍሴን ውሰድ ይላል። በምዕራፍ ሳይሆን በቀናት ልዩነት ነው ይሄ የሆነው። እግዚአብሔር ምን አደረገ? አልቆጣውም። ትናንት እሳት አውርደህ ዛሬ እንዴት ትፈራለህ አላለውም። መልአክ ልኮ እንጎቻ እና በማሰሮ ውሃ አቀረበለት፣ በልቶ ጠጥቶ ተመልሶ ተኛ፣ መልአኩም እንዲተኛ ተወው፣ ቆይቶ ቀሰቀሰውና መንገዱ ሩቅ ነው ብላ አለው። ጥያቄው እና ንግግሩ በኋላ ነው የመጣው፣ ኮሬብ ላይ። እዛም ኤልያስ ብቻዬን ቀረሁ ብሎ ነበር፣ እግዚአብሔር ግን ለበኣል ያልተንበረከኩ 7,000 ሰዎች እንዳሉ ነገረው፣ ኤልሳዕንም ከጎኑ ሰጠው። ሰውየው የሚያስፈልገው እንቅልፍ፣ ምግብ እና ጓደኛ ነበር፣ ጌታም ሦስቱንም ሰጠው። እኛ የደከመ ሰው ቤት ስንሄድ መጀመሪያ የምናወጣው ስብከት ነው አይደል?

መዝሙረ ዳዊትንም አንብቡት፣ ሙሉውን ማለቴ ነው፣ ስታተስ ላይ የምንለጥፈውን ብቻ አይደለም። መዝሙር 13 "አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?" ብሎ ነው የሚጀምረው። 88ኛው ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጩኸት ነው፣ መጨረሻው ላይ እንኳን አይፈካም፣ በጨለማ ነው የሚዘጋው። ይሄ መዝሙር በጉባኤ የሚዘመር ነበር እኮ! ስለዚህ እግዚአብሔር ፊት ማልቀስ አምልኮ ነው፣ አብሮ ማልቀስም አምልኮ ነው። ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ አትዘኑ አላለም፣ ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች እንዳታዝኑ ነው ያለው። ለቅሶ ቤት ገብታችሁ እናትየዋን "አታልቅሺ ጌታ ያዝንብሻል" የምትሉ ሰዎች እባካችሁ ተዉ። ጌታ ራሱ አልዓዛር መቃብር ላይ አልቅሷል፣ ያውም ከደቂቃዎች በኋላ እንደሚያስነሳው እያወቀ።

አሁን ወደ ራሳችን አገር ልምጣ፣ ምክንያቱም ወጣቶቹ ይሄን ታሪክ ብዙም አልሰማችሁትም።

ወላይታ ላይ ኤስ.አይ.ኤም. የሚባለው የውጭ ሚሽን ሚሲዮናውያን በጣሊያን ወረራ ምክንያት በ1929 ሲወጡ ትተውት የሄዱት 48 የተጠመቁ ሰዎች ብቻ ነበር። የቅዱሳት መጻሕፍት ጥቂት ክፍል ብቻ ነበራቸው፣ ብዙዎቹ ማንበብ አይችሉም። መሪዎቻቸው ታሰሩ፣ ዋንዳሮ የሚባለው መሪ በአደባባይ ተገርፏል። ከአምስት ዓመት በኋላ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ 10,000 ገደማ አማኝ ነው ያገኙት። እንዴት ሆነ ብላችሁ የዛን ዘመን ታሪክ ብታዩ ትልቅ ኮንፈረንስ አታገኙም፣ ስመ ጥር ሰባኪም አታገኙም። እርስ በእርስ ይረዳዱ ነበር፣ የታሰረ ሰው ቤት ምግብ ይወስዱ ነበር፣ ጎረቤት ይሄን አይቶ እነዚህ ሰዎች ምን ነክቷቸው ነው እንዲህ የሚዋደዱት እያለ መጣ።

በደርግ ዘመንም ያው ነው። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በጥር 1974 ተዘጋች፣ ንብረቷ ተወረሰ፣ መሪዎቿ ታስረው ከአራት ዓመት በላይ ቆዩ። አዳራሽ የለም፣ ኳየር የለም፣ ማይክ የለም። ሕዝቡ ምን አደረገ፣ አምስት ስድስት እየሆነ በየቤቱ ገባ፣ አንድ በአንድ ተራርቀው ነው የሚመጡት ጎረቤት እንዳይነቃ፣ መዝሙር በሹክሹክታ ነው፣ ሰርግና ለቅሶ ሲኖር ደግሞ ያኔ ሰው መሰብሰብ ስለሚቻል እዛ ወንጌል ይነገራል። ስትዘጋ 5,000 አካባቢ የነበሩት አባላት ደርግ ሲወድቅ ከ30,000 በላይ ሆነው ወጡ። እኔ ቁጥሩን ለማስጨብጨብ አይደለም የማነሳው። እኔን የሚገርመኝ አምስት ሰው ባለበት ቤት ውስጥ ማንም መደበቅ አይችልም። አንዷ ከቀረች ወዲያው ይታወቃል። የታመመ ይታወቃል፣ የራበው ይታወቃል፣ የፈራ ይታወቃል። እኛ ዛሬ ሺህ ሰው በሚይዝ አዳራሽ ውስጥ አንድ ሰው ሦስት ወር ቢቀር የሚያውቅለት የለም፣ ይሄ ያመኛል፣ በጣም ነው የሚያመኝ።

ስለ ጸሐይ ቶሎሳም ልንገራችሁ። ባለቤታቸው ቄስ ጉዲና ቱምሳ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ከአገር እንዲወጡ ዕድል ተመቻችቶላቸው መንጋዬን ጥዬ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 1971 ላይ ከአምልኮ ሲወጡ ሁለቱንም አፍነው ወሰዷቸው፣ ቄስ ጉዲናን ገደሏቸው። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም በዛው ክረምት ነው የተገደሉት፣ መከራው ፕሮቴስታንት ኦርቶዶክስ ብሎ አልመረጠም። ወ/ሮ ጸሐይ ግን ባላቸው እንደሞቱ በይፋ የነገራቸው የለም። ከዛ ራሳቸውም ታሰሩ፣ ተገረፉ፣ አሥር ዓመት ገደማ እስር ቤት ቆዩ። የባላቸው አጽም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ማለት ነው፣ አሉ ወይ ሞተዋል ወይ ሳይባል። እዚህ የተቀመጥሽ ልጅሽን የምትጠብቂ እናት፣ ይሄን ያነሳሁት ለአንቺ ነው። እንደሳቸው ጠንክሪ ለማለት አይደለም፣ ማንም እንደዛ ሊልሽ መብት የለውም። በዚህ መንገድ ብቻሽን የሄድሽ እንዳይመስልሽ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ይሄን ሐዘን ታውቀዋለች፣ ስምም ፊትም አለው።

ከራሴ አንድ ነገር ልናገር። እናቴ ያረፈች ጊዜ መጸለይ አቃተኝ። ማመን አልተውኩም፣ ግን ስንበረከክ ምንም ቃል አይወጣም፣ መጽሐፍ ቅዱስ ስከፍት ፊደሉ ብቻ ነው የሚታየኝ፣ ስልኬን አጥፍቼ ቁጭ። ሰዎች ሜሴጅ ይልካሉ፣ ጥቅስ ይልካሉ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። የኅብረታችን አንዲት እናት ግን ሜሴጅ አትችልም፣ እሷ ራሷ መጣች። በፌስታል ሁለት ዳቦ እና ትንሽ ሽሮ ይዛ ገባች፣ እንዴት ነሽ እንኳን አላለችኝም፣ ነጠላዋን አጣፍታ ቀጥታ ወደ ወጥ ቤት ሄዳ የተከመረውን ሰሃን አጠበች፣ ሽሮውን ሠራች፣ አጉርሳኝ ስታበቃ "አንቺ ዝም በይ እኔ እጸልያለሁ" አለች እና አጭር ጸሎት ጸልያ ወጣች። በሳምንቱም መጣች። በቀጣዩም። አንድም ቀን ለምን አትጸልዪም አላለችኝም። የሆነ ቀን እሷ ስትጸልይ አሜን ስል ራሴን ሰማሁት፣ ከዛ ቀን በኋላ ነው ቀስ በቀስ የተመለስኩት። እኔ ያን ጊዜ በእሷ እምነት ነው የኖርኩት፣ ይሄን ስል አላፍርም። ማርቆስ 2 ላይ ሽባው ሰውዬ አንድ ቃል አልተናገረም፣ አራት ሰዎች ተሸክመውት ጣራ ቀደው ነው ያወረዱት፣ ጌታም የእነሱን እምነት አየ።

ስለዚህ አንድ ነገር በግልጽ ልበል፣ ቅር የሚለው ካለ ይቅርታ። ለታመመ ሰው እምነትህ አንሶ ነው ያልዳንከው ማለት ጭካኔ ነው። በዚህ ቀን ብር ከላክሽ ልጅሽ ይመጣል ማለት ከጭካኔም በላይ ነው፣ በመበለት ዕንባ መነገድ ነው። መድኃኒት አቁሚ ጌታ ፈውሶሻል የሚል ሰው ካጋጠማችሁ መድኃኒታችሁን አታቁሙ፣ ጌታ ከፈወሰ ሐኪሙም ያየዋል። በጭንቀት እና በድብርት የተያዘ ሰው ካለን ደግሞ እየጸለይንለት አማኑኤል ሆስፒታል ወይም ሌላ ባለሙያ ጋር እጁን ይዘን እንውሰደው፣ ሕክምና መሄድ እምነት መጣል አይደለም።

ታዲያ ተስፋችን ምንድነው? በሚቀጥለው ወር ዘይት ይቀንሳል የሚል አይደለም፣ ሊቀንስም ላይቀንስም ይችላል። ዕንባቆም በለስ ባታፈራም፣ በጎች ከበረት ቢጠፉም ብሎ የጎደለውን አንድ በአንድ ቆጥሮ ነው "እኔ ግን በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል" ያለው። የእኛ ተስፋ ክርስቶስ ከሙታን መነሳቱ ነው፣ ሞት የመጨረሻው ቃል እንዳልሆነ በእሱ አይተናል። እሱ ራሱ ግን ትንሣኤ ከመምጣቱ በፊት ጌቴሴማኒ ላይ ምን አለ፣ ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ አዝናለች፣ እዚህ ሁኑ ከእኔ ጋር ንቁ አለ። የእግዚአብሔር ልጅ ጓደኞቹን አብራችሁኝ ሁኑ ብሎ ለመነ! እነሱ ተኙ እንጂ። እሱ ከለመነ እኔ ማን ሆኜ ነው አያስፈልገኝም የምለው?

ቶማስንም አስቡት። ሌሎቹ ጌታን አየነው ሲሉት ካላየሁ አላምንም አለ። እነሱ ግን አላባረሩትም፣ እሱም ጥሏቸው አልሄደም፣ ከስምንት ቀን በኋላ በሩ ተዘግቶ አብረው ሳሉ ነው ጌታ የመጣው፣ የተወጋውን ጎኑንም ያሳየው። ጥርጣሬ ያለባችሁ ካላችሁ፣ አውቃለሁ አላችሁ፣ ከነጥርጣሬያችሁ ኑ። ማርቆስ 9 ላይ ልጁ የታመመበት አባት "አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው" ብሎ ነው ልጁን ያስፈወሰው። ይሄም ጸሎት ነው፣ ጌታም ሰምቶታል።

እና አሁን የምንሠራው ሥራ አለ። ስልካችሁን አውጡ፣ አዎ እዚሁ። ከኅብረታችሁ የጠፋ፣ ግሩፑ ላይ መጻፍ ያቆመ፣ ከሐዘን በኋላ ያልተመለሰ አንድ ሰው ፈልጉ። ዛሬ ማታ ደውሉለት፣ ካላነሳ በዚህ ሳምንት ቤቱ ሂዱ። ስትሄዱ ዳቦም ቢሆን ይዛችሁ ሂዱ፣ ኪራይ የጎደለበት ከሆነ ያላችሁን አዋጡ፣ ጎረቤቱ የሚያውቀውን ችግሩን እኛ ሳናውቅ አንቅር። ምክር አታብዙ። የቤት ኅብረት የሌላችሁ ስትወጡ በር ላይ መዝጋቢዎቹ ጋር ሰፈራችሁን ተናገሩ፣ ቅርብ ካለ ቤት ጋር እናገናኛችኋለን፣ ከሌለም እዛው ሰፈር እንጀምራለን።

አሁን ወንበራችሁን አዙሩና አራት አራት ሁኑ። የመጣችሁበትን ሸክም የፈለጋችሁትን ያህል ተናገሩ፣ ደህና ነኝ ማለት ግን ዛሬ አይቻልም። ማልቀስ የመጣበት ያልቅስ፣ መሐረብ ከፊት አለ። መጸለይ ያቃታችሁ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፣ የቀሩት ሦስቱ ይጸልዩላችኋል። በሉ፣ እንጀምር።