ፍቅረኞቹን የሚለያያቸው ማን ነው?

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ የብዕር ባልደረቦቼ፤

የተጋበዝኩት ስለ ሪጀንሲ ዘመን የፍቅር ልብ ወለድ አጻጻፍ በጠቅላላው እንድናገር ነው። ዘመኑን ታውቁታላችሁ፤ የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ 3ኛ አእምሯቸው ታውኮ ልጃቸው ከ1811 እስከ 1820 እ.ኤ.አ. እንደራሴ ሆነው ያስተዳደሩበት ነው። ስለ ቀሚሱና ስለ ጭፈራው ባለፈው ስብሰባችን እስኪሰለቸን ተወያይተናል። ዛሬ የመጣሁት ሕጉን ይዤ ነው።

ምን እየጻፍን እንደሆነ እንነጋገር። ሁለቱ ይዋደዳሉ። አንደኛው ወሬ ይሰማል። ከዚያ ሁለት መቶ ገጽ ሙሉ ይኮራረፋሉ። ሻይ እስኪቀርብ ድረስ ተቀምጠው ቢነጋገሩ መጽሐፉ አለቀ! ይህ እንቅፋት አይደለም፤ ገጽ መሙያ ነው። ዘመኑ እውነተኛውን እንቅፋት አዘጋጅቶ ሰጥቶን ሳለ ለምን ኩርፊያ እንፈበርካለን?

የ1753ቱን የጋብቻ ሕግ አንብቡ። ከንጉሣውያን ቤተሰብ፣ ኩዌከር ከሚባሉት የክርስትና እምነት ተከታዮችና ከአይሁድ በስተቀር፣ እንግሊዝ ውስጥ የሚጋባ ሁሉ ወይ ስሙ በሦስት እሑዶች በቤተ ክርስቲያን በምእመናን ፊት ይነበባል፣ ወይ ከጳጳስ ፈቃድ ያወጣል። ዕድሜው 21 ያልሞላ በፈቃድ ሲጋባ የአባቱ፣ አባቱ ከሞተም የአሳዳጊው ይሁንታ ያስፈልገዋል። ሥርዓቱ የሚፈጸመው በቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ ሰዓቱም በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 እስከ ቀኑ 6 ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ሳሎን ውስጥ የምታጋቧቸው ጥንዶች ከካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ልዩ ፈቃድ ሊኖራቸው ይገባል፤ እሱ ደግሞ እንደ ዳቦ ከሱቅ አይገዛም።

እንግዲህ የ19 ዓመት ልጅ ውሰዱ። አባቷ እምቢ አለ፤ ስማቸው በቤተ ክርስቲያን ቢነበብ ደግሞ ይሰማል። ወጣቱ «21 ሞልቷታል» ብሎ በሐሰት ምሎ ፈቃድ ቢያወጣ ጋብቻው ከመነሻው ፈራሽ ነው። ከዓመታት በኋላ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስ ልጆቻቸው ዲቃላ ይባላሉ፤ የአባታቸውን ማዕረግም አይወርሱም። ከዚህ የከፋ ባላንጣ ከየት ታመጣላችሁ?

የሚቀራቸው ስኮትላንድ ነው፤ ሕጉ እዚያ አይሠራም። ድንበሩን እንደተሻገሩ ግሬትና ግሪን የምትባል መንደር አለች፤ በምስክር ፊት «ተጋብተናል» ማለት ይበቃል። ግን ከለንደን 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የኪራይ ሠረገላ ፈረሶቹን በየ20 ኪሎ ሜትሩ ገደማ እየቀየረ፣ በሰዓት ከ10 እስከ 13 ኪሎ ሜትር ቢሮጥ፣ ሳያድሩ ሁለት ቀን ግድም ይፈጃል። ለአንድ ማይል (1.6 ኪሎ ሜትር) ከ1 ሺሊንግ በላይ ይከፈላል፤ 20 ሺሊንግ አንድ ፓውንድ ነው። የኬላው ክፍያና ሠረገላውን የሚነዱት ፈረሰኞች ጉርሻ ለብቻው ነው። ድምሩ ከ16 ፓውንድ ያልፋል፤ ለአንዲት የቤት ሠራተኛ የዓመት ደመወዝ ነው። ወጣቱ ይህን ከየት አመጣው? ዝናብ ቢጥልስ? ፈረስ መቀየሪያው ጣቢያ ላይ የአባትየው ሰው ቀድሞ የቀሩትን ፈረሶች ቢከራይስ? አንዳንዶቻችን ግን «በማግስቱ ስኮትላንድ ደረሱ» ብለን እናልፈዋለን። በአውሮፕላን ነው?

ገንዘቡንም አትርሱ። ሴቲቱ ስታገባ ጥሬ ገንዘቧ የባሏ ይሆናል፤ ይህ እንዳይሆን ከሠርጉ በፊት ጠበቆች ውል ጽፈው በባለአደራዎች እጅ ያስቀምጡላታል። የኪስ ገንዘቧ ስንት ነው? ባሏ ቢሞትስ በዓመት ስንት ታገኛለች? የጠበቆቹ ጠረጴዛ ከጭፈራው አዳራሽ የበለጠ ትዕይንት አለው። ስኮትላንድ የጠፋችው ልጅ ይህ ውል እንደሌላት ልብ በሉ።

ደብዳቤን በተመለከተ፦ እስከ 1840 ድረስ ብዙውን ጊዜ ክፍያው የሚጠየቀው ከተቀባዩ ነበር፤ የሚታሰበውም በርቀትና በወረቀቱ ብዛት ነው። ስለዚህ በፖስታ ቤት የመጣ የፍቅር ደብዳቤ በር ላይ አባትየውን ገንዘብ ያስወጣል። ምስጢር ከፈለጋችሁ ገረዷን ላኩ።

ተጭሮ የሚነድ ክብሪትም እስከ 1827 ገበያ ላይ አልዋለም። በ1815 ክብሪት የሚጭር መኮንን ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ ሰርዙት። አመሰግናለሁ፤ ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።