የዜግነት ስሞች በእንግሊዝኛ የሚያስቀይሙት መቼ ነው?

ክቡራትና ክቡራን፣

በአማርኛ «አንድ ቻይናዊ መጣ» ብንል የሚቀየም የለም። ለጣሊያናዊውም ለጃፓናዊውም አባባሉ አንድ ነው። ይህን ልማድ ይዘን ወደ እንግሊዝኛ ስንሻገር ግን እንሰናከላለን፤ እዚያ ሁሉም ስም በአንድ ሥርዓት አይሄድም።

«አን ኢታሊያን»፣ «አን ኢትዮፒያን» ማለት ችግር የለውም። ቻይኒዝ፣ ጃፓኒዝ፣ ቬትናሚዝ የመሳሰሉት ግን ሌላ ስም አስከትለው ሲነገሩ ነው የሚያምርባቸው። አንድን ሰው «ኤ ቻይኒዝ» ብሎ መጥራት ዛሬ ለብዙዎች ጆሮ ይሻክራል፤ ሰውነቱ ተረስቶ ዜግነቱ ብቻ የቀረ ይመስላል። «ኤ ቻይኒዝ ፐርሰን»፣ «ኤ ጃፓኒዝ ስቱደንት» ማለት ነገሩን ያቃናል። ጎበዝ ተማሪዎችን የሚያሳስተው ደግሞ «አይሪሽማን» (አየርላንዳዊ) ትክክል ከሆነ «ቻይናማን»ም ይሆናል ብሎ መገመት ነው። ፈጽሞ አይሆንም! በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካና አውስትራሊያ የገቡ ቻይናውያን የተናቁበት ቃል ነው።

በማሳጠርም እንዲሁ ነው። «ኦሲ» የሚባል አውስትራሊያዊ አይከፋም፤ «ጃፕ» ግን ስድብ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ 120,000 ያህል የጃፓን ዝርያ ያላቸውን ሰዎች፣ አብዛኞቹን የገዛ ዜጎቿን፣ ካምፕ ውስጥ ስታጉር ይህ ቃል በየፖስተሩና በየጋዜጣው ነበር። ብሪታንያ ውስጥ «ፓኪስታኒ» አጥሮ የወጣው «ፓኪ» የደቡብ እስያ ስደተኞች ሲደበደቡ የሚጮህ ቃል ነበር፤ ዛሬም ያማል። ስለዚህ የቃሉን ታሪክ ሳታውቁ አታሳጥሩ። «ምሥራቃዊ» ማለት የሆነውን «ኦሪየንታል»ንም ለምንጣፍ ተዉት፤ ለሰው መጠሪያ ሆኖ ቆይቶ በ2016 ከአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እንዲወጣ ተደርጓል። ስኮትላንዳዊውን «ስኮች» አትበሉት፣ እሱ የውስኪው ስም ነው፤ «ስኮቲሽ» በሉት። «ኢንግሊሽ» ካላችሁትማ የሌላ አገር ሰው አደረጋችሁት።

አጥብቄ የማሳስበው ግን ምስጋና የሚመስለውን ጅምላ ፍረጃ ነው። «እስያውያን ሒሳብ ይችላሉ» ስንል ሌሊት አጥንቶ ያለፈውን ተማሪ ድካም ለዘሩ እንሰጥበታለን፤ ሒሳብ የከበደውን ደግሞ ጉድለት እንዳለበት እናስቆጥረዋለን። «ዘ ቻይኒዝ አር» (ቻይናውያን እንዲህ ናቸው) ብሎ መጀመርም ያንኑ ፍርድ ያስከትላል። «አብረውኝ የሠሩ ቻይናውያን» ብላችሁ ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ። ተወልዶ ያደገበትን ከተማ የነገራችሁን ሰው «በእውነት ከየት ነህ?» ብላችሁ ደግማችሁ አትጠይቁት፤ መልሱን አላመንኩህም ማለት ነው።

ቃል ካመለጣችሁ «ይቅርታ» ብላችሁ፣ ትክክለኛውን ተናግራችሁ ወደ ጉዳያችሁ ተመለሱ። ይቅርታው ከረዘመ የተቀየመው ሰው እናንተን ወደ ማጽናናት ይገባል።