ከእሳቱ ውስጥ የሚወጣው ብርሃን

እንደምን ዋላችሁ፣ ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ። ፊዚክስ ሲባል ገና ካሁኑ ፊታቸው የተጨማደደ ሰዎች ይታዩኛል፣ አይዟችሁ፣ ዛሬ ቀመር የለም።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ አሜሪካ ብሩክሄቨን ላብራቶሪ ውስጥ ወርቅን ከወርቅ ወደ ብርሃን ፍጥነት አስጠግተው ሲያጋጩ ኖረዋል፣ አውሮፓ ያለው ሰርን ላብራቶሪ ደግሞ እርሳስን ከእርሳስ እንዲሁ ያጋጫል፣ ያኔ ፕሮቶኑም ኒውትሮኑም ይቀልጥና ውስጡ ያሉት ኳርኮችና እነሱን የሚያጣብቋቸው ግሉኦኖች ለቅጽበት ይፈታሉ፣ ይሄ የተፈታው ነገር ፕላዝማ ይባላል። ቅጽበት ስላችሁ ደግሞ ከነጥብ በኋላ 22 ዜሮ ደርድራችሁ 1 ጻፉ፣ የዚያ ጥቂት እጥፍ ሰከንድ ነው፣ አለቀ።

ታዲያ የፕላዝማውን ሙቀት በምን ይለኩታል? ፓዮን፣ ካኦን የሚባሉት ቅንጣቶች እየተጋጩ እየተላተሙ ስለሚወጡ መጀመሪያ የነበረውን ረስተውታል። ፎቶን፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣት፣ ግን ኳርኮችን የሚያጣብቀው ስትሮንግ ፎርስ አይነካውም፣ ኳርክና ተቃራኒው አንቲኳርክ ሲጠፋፉ ወይ ግሉኦን ኳርክ ሲመታ ይወለድና ማንም ሳያስቆመው ውልቅ ብሎ ይሄዳል፣ ሙቀቱን በቦታው ሆኖ ያየ ምስክር በሉት።

ችግሩ ዲቴክተሩ ላይ ከሚደርሱት ፎቶኖች አብዛኞቹ ከፕላዝማው አይደሉም፣ ኋላ ኒውትራል ፓዮን ሲፈርስ የሚመጡ ናቸው። ብሩክሄቨን ያለው ፊኒክስ የተባለው ቡድን እዚህ ጋ የሰራው ነገር እስካሁን ይገርመኛል። ፎቶኑን ትተው ፎቶን ሊሆን ሲል ወደ ኤሌክትሮንና ተቃራኒው ፖዚትሮን የሚቀየረውን ጥንድ ያዙ፣ ከፓዮን የሚመጣ ጥንድ ማስ (ክብደቱ በሉት) ደግሞ ከራሱ ከፓዮኑ፣ ማለትም ከ135 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት፣ ሊበልጥ አይችልም፣ ስለዚህ ከዚያ በላይ ያለውን ብቻ ሲያዩ የፓዮኑ ግርግር ጸጥ አለ። ሙቀትም በዚሁ በሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ይለካል፣ 2010 ላይ ያወጡት ቁጥር 221 ሆነ፣ ወደ 2.6 ትሪሊዮን ዲግሪ መሆኑ ነው፣ የፀሐይ እምብርት እኮ 15 ሚሊዮን ቢሆን ነው። በ2016 አሊስ የተባለው ቡድን ሰርን ላይ ወደ 297 አገኘ።

እዚህ ጋ ግን ቀስ እንበል፣ ዜናው ሁሉ ሪከርድ ሪከርድ ሲል ይህቺን ይዘላታል። ቁጥሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የወጣው ብርሃን ድብልቅ ነው፣ በዚያ ላይ ፕላዝማው እየተስፋፋ ስለሆነ ወደኛ እየሮጠ ካለው ክፍል የሚመጣው ፎቶን ጉልበቱ ጨምሮ ነው የሚደርሰን። የመነሻው ሙቀት ከ300 እስከ 600 ነው የሚባለው ከሞዴል የመጣ እንጂ በቀጥታ የተለካ አይደለም።

ይባስ ብሎ ምስክሩ ቃሉ ይጋጫል። ኒውክለሶቹ፣ ማለትም የአቶሞቹ እምብርቶች፣ መሃል ለመሃል ሳይሆን በጎን በኩል ሲላተሙ ፕላዝማው ሞላላ ይሆንና ቅንጣቶቹ ወደ አንድ አቅጣጫ በዝተው ይፈስሳሉ፣ ይሄ ፍሰት እስኪዳብር ጊዜ ይፈልጋል። ፎቶኖቹ ብዙ ናቸው፣ ስለዚህ ገና ሲሞቅ ነው የወጡት ትላላችሁ፣ ፍሰታቸው ሲለካ ግን ከፓዮኖቹ ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኘ፣ ስለዚህ ዘግይተው ነው የወጡት ትላላችሁ፣ የቱ ይያዝ? ስታር የተባለው ሌላው ቡድን ደግሞ እዚያው ማሽን ላይ ለክቶ ከፊኒክስ ያነሰ ብርሃን ነው ያገኘው፣ ስለዚህ መጀመሪያ እነሱ ይስማሙ ባይ ነኝ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ተስፋው ያለው ጥንዶቹ ላይ ነው፣ የጥንዱ ማስ በፍሰቱ አይዛባማ። ኤንኤ60 የተባለው ቡድን ሰርን ውስጥ ኢንዲየም የተባለውን ብረት ከኢንዲየም አጋጭቶ በሙዮን (ከበድ ያለ የኤሌክትሮን ዘመድ) ጥንዶች ወደ 205 አግኝቷል፣ ያው ዘዴ በትልልቆቹ ማሽኖች ላይ በደንብ ሲሰራ ነው የምንገላገለው።

በሉ አሁን ጥያቄ።