ሮቶውና ሰርቨሩ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከሰንጋ ተራ ቢሮዬ እስከ ለገሃር በእግሬ ስመጣ ሲያብሰለስለኝ የነበረውን ነው የማወራችሁ። ከጀርባ ጥሩምባ ከሰማችሁ ታክሲ ነው። መስኮቱን ብዘጋው ሙቀቱ አያስቀምጥም።

እንጀራዬ ሰርቨር ነው። አይቢኤም ፓወር የሚባለው ብረት አለን። ሃይፐርቫይዘር የሚባለው ከሥር ያለ ሶፍትዌር አንዱን ማሽን ለብዙ ፓርቲሽን፣ ማለትም ክፍልፋይ፣ ይከፍለዋል፤ እያንዳንዱም ራሱን እንደቻለ ማሽን ይሠራል። ድሮ ለእያንዳንዱ ሜሞሪ ቆርጠን ነበር የምንሰጠው። የአንዱ ግማሹ ሳይነካ ያድራል፣ ጎረቤቱ ደግሞ ታንቆ ያድራል። በ2009 እ.ኤ.አ. አክቲቭ ሜሞሪ ሼሪንግ የሚባል ነገር መጣ። ሜሞሪው አንድ የጋራ ገንዳ ውስጥ ይገባል። ሃይፐርቫይዘሩ ከሥራ ፈቱ እየወሰደ ለተጨናነቀው ይሰጣል።

ይሄ ነገር የገባኝ በግቢያችን ሮቶ ነው። ቂርቆስ ስድስት ተከራዮች ነን፣ ሮቷችን አንድ። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። በአዘቦት ቀን ማንም ከማንም አይጣላም። እሁድ ጠዋት ግን ሁሉም ልብስ ያጥባል። ሮቶው ካለቀ ጀሪካን ይዞ መውረድ ነው። ውሃው አይጠፋም፣ ወገብ ግን ይቆረጣል። ሰርቨሩ ላይ ጀሪካኑ ዲስክ ነው፣ ከሜሞሪ በጣም የሚዘገይ። ገንዳው ሲጠብ ሃይፐርቫይዘሩ የአንዱን ፓርቲሽን የሜሞሪ ገጾች፣ ማለትም ቁርጥራጮች፣ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል፣ ሲፈለጉ መልሶ ያመጣቸዋል።

ዝግጅቱ ራሱ አያስቸግርም። ፓርቲሽኑ ፕሮሰሰሩም የጋራ መሆን አለበት። ካርድ በቀጥታ መያዝ አይችልም፣ ኔትወርኩም ዲስኩም ቨርቹዋል ነው። ከቪአዮኤስ፣ ዲስክና ኔትወርኩን ለሌሎቹ ከሚያካፍለው ልዩ ፓርቲሽን፣ በኩል ደግሞ ለእያንዳንዱ ፓርቲሽን ቢያንስ ከፍተኛ ሜሞሪውን የሚያህል የፔጂንግ ዲስክ፣ ማለትም ያንን ጀሪካን፣ ትመድባላችሁ። አጥፍቶ ማስነሳት፣ አለቀ።

ያበላሸሁት ሒሳቡን ነው። አራት ፓርቲሽን፣ በወረቀት ድምራቸው 96 ጊጋባይት። ገንዳው 64። የሁለት ሳምንት አማካይ አየሁና «ይበቃል፣ እንዲያውም ይተርፋል» አልኩ። ሁለቱ ሳምንታት የወሩ መሃል ነበሩ! ለፔጂንግ ደግሞ ከጥግ የቆሙ አሮጌ ዲስኮች ሰጠሁ። መቼ ሊነካ ብዬ።

የወሩ መጨረሻ ደረሰ። ደመወዝ፣ ሪፖርት፣ ሒሳብ መዝጋት፣ የሙከራ ማሽኑ ሳይቀር ሁሉም ባንዴ ተነሳ። ስልኩ አላርፍ አለ። የሪፖርቱ ማሽን ውስጥ ገብቼ ቪኤምስታት በሚባለው ትእዛዝ የሜሞሪውን ሁኔታ አየሁ። ማሽኑ 24 ጊጋባይት አለኝ ይላል። ፒሜም የሚለው አምድ፣ ማለትም በእጁ ያለው እውነተኛ ሜሞሪ፣ 9 ነው። ኤችፒአይ የሚለው ደግሞ፣ ከዲስክ ተመልሰው የገቡትን ገጾች የሚቆጥረው፣ እንደ ታክሲ ሜትር ይሮጣል። ላቤ መጣ።

መፍትሔው ከ0 እስከ 255 የሚሰጥ ክብደት ነው። እጥረት ሲመጣ ባለ ትልቁ ቁጥር ይቀድማል። እኔ ሁሉንም እኩል ትቼው ነበር። ማሽኑን ሳላጠፋ መቀየር እችላለሁ፣ ደቂቃ አይፈጅም። ግን ማን ይጠብቅ? አለቃዬን ጠየቅሁ። «ባለሙያው አንተ ነህ፣ አንተ ወስን» አለኝ። የሪፖርቱ ኃላፊ ጋ ደወልኩ። «የኛማ እንዴት ይጠብቃል፣ ጋሼ ነገ ጠዋት ይጠይቀናል!» የደመወዙም እንደዚያው። ለአንድ ቁጥር ሲባል ቢሮው ሁሉ ተኮራረፈ። የማሽን ችግር መስሎኝ ነበር የገባሁበት።

አከራያችን እማማ እሁድ ጠዋት በር ላይ ቆመው «ሕፃን ያላት ትቅደም» ይላሉ። ማንም አይከራከራቸውም። ትዝ ሲሉኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

በመጨረሻ ደመወዙን 200 አደረግሁት፣ ሪፖርቱን 100፣ ሙከራውን 0። ፈታ አለ። በሳምንቱ የፔጂንጉን ዲስኮች ወደ ፈጣኑ ስቶሬጅ አዛወርኩና ገንዳው ላይ 16 ጨመርኩ።

ዛሬም የወሩ መጨረሻ ነው። ቅድም ብሔራዊ ቴአትር ጋ ስደርስ ከሙከራው ልጆች አንዱ ደወለ። «ወንድሜ፣ ማሽናችን ተኝቷል።»

«አውቃለሁ» አልኩት። «ነገ ይነቃል።»

በሉ፣ ሰላም ሁኑ።