ዩዋን መውጫ በር አለው ወይ?

ሜሮን፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ዛሬ ከቃሊቲ ነን፤ የሚሰማችሁ ኮንቴይነር የጫኑ ከባድ መኪኖች ድምፅ ነው። ርዕሳችን የቻይናው ዩዋን የዓለም መጠባበቂያ ገንዘብ፣ ማለትም ማዕከላዊ ባንኮች ለክፉ ቀን የሚያከማቹት የውጭ ገንዘብ፣ ይሆናል ወይ የሚል ነው። ሄኖክ፣ ጀምር እስቲ።

ሄኖክ፦ ከኮንቴይነሩ ልነሳ። አንድ አስመጪ ከቻይናዋ ፎሻን ሴራሚክ አዘዘ እንበል። ፕሮፎርማው የሚመጣለት በዶላር ነው። ባንክ ሄዶ ኤልሲ ይከፍታል፤ ሰነዱ ከተሟላ ለሻጩ እከፍላለሁ የሚል የባንክ ቃል ማለት ነው። ሻጩ ዕቃውን ጭኖ ቢል ኦፍ ሎዲንጉን (የመርከብ ጭነት ሰነዱን)፣ ኢንቮይሱን፣ ፓኪንግ ሊስቱን ያቀርባል። ኤልሲው ሌላ ቀን ካልቆረጠ፣ ከጫነ በ21 ቀን ውስጥ ማቅረብ አለበት። ባንኩ ወረቀቱን የሚመረምርበት 5 የሥራ ቀን አለው። ጭነቱ ከተባለው ቀን በአንድ ቀን ቢዘገይ እንኳ ዲስክሬፓንሲ፣ ማለትም የሰነድ ጉድለት ነው፤ ባንኩ አልከፍልም ሊል ይችላል…

ሜሮን፦ ኧረ ሄኖክ፣ ዩዋኑስ?

ሄኖክ፦ እዚሁ ውስጥ ነው ያለው! ፕሮፎርማው ላይ ዶላር የሚለውን ዩዋን ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ባንኩ ዩዋኑን ከየት ያመጣል? ቡናችን የሚሸጠው በዶላር ነው። ስለዚህ በዶላሩ ዩዋን ይገዛል። አስመጪው በብር ዶላር፣ ከዚያ በዶላር ዩዋን፤ ሁለት ጊዜ የመግዣና የመሸጫ ልዩነት ይከፍላል ማለት ነው።

ሜሮን፦ ለቻይና የምንልከውን ሰሊጥ በዩዋን ብንሸጥስ?

ሄኖክ፦ ይረዳል። ግን ከቻይና የምንገዛው ከምንሸጥላት እጅግ ይበልጣል፤ ዩዋኑ ቶሎ ያልቃል። ኮንቴይነሩ ደግሞ ጅቡቲን ማለፍ አለበት። የጅቡቲ ፍራንክ ደግሞ አንድ ዶላር በ177.721 ፍራንክ ተብሎ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ እዚያም የሚጠብቀን ዞሮ ዞሮ ዶላር ነው።

ሜሮን፦ አሁንም ኮንቴይነሩ ጋ ነህ። እኔ ግን ነገሩ የሚጀምረው ከዕዳ ነው እላለሁ። ኬንያ በፈረንጆቹ 2025 ከቻይና የወሰደችውን የባቡር ብድር ከዶላር ወደ ዩዋን አዛውራለች። በዩዋን ዕዳ ያለበት አገር ዩዋን ማስቀመጡ አይቀርም።

ሄኖክ፦ መክፈያውን ያህል ያስቀምጣል፣ እሺ። መጠባበቂያ ግን ለክፉ ቀን ነው።

ሜሮን፦ በፈረንጆቹ 2022 የሩሲያ 300 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚሆን ክምችት ሲታገድ ያየ ሁሉ ስለ ክፉ ቀን ሌላ ሐሳብ ይዟል እኮ።

ሄኖክ፦ ልክ ነሽ። ከዶላር ሸሽቶ የት ይሂድ ነው ጥያቄው። አይኤምኤፍ (ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት) ዩዋንን በፈረንጆቹ 2016 ኤስዲአር የተባለው የራሱ የሒሳብ መለኪያ በሚተመንበት የገንዘቦች ቅርጫት ውስጥ አስገባው፤ በ2022 ድርሻውን 12.28 በመቶ አደረሰው። በማዕከላዊ ባንኮች ክምችት ውስጥ ግን 2 በመቶ አካባቢ ነው፤ ዶላር ከግማሽ በላይ ይዟል። ለምን? መውጫ በሩ ጠባብ ነው፤ ዩዋንን መንዝሮ ገንዘብን ከቻይና ማውጣት ገደብ አለው። ቻይናዊ ግለሰብ በዓመት መመንዘር የሚችለው የ50,000 ዶላር ያህል ነው። በፈረንጆቹ ነሐሴ 2015 የዩዋን ዋጋ 2 በመቶ ገደማ ሲቀነስ ገንዘብ በብዛት ከቻይና ሸሸ፤ መንግሥትም በሩን አጠበበ። በጭንቅ ቀን ሊጠብ የሚችል በር ላለው ገንዘብ ማን ክፉ ቀኑን አደራ ይሰጣል? የአሜሪካ የግምጃ ቤት ሰነድ፣ ማለትም የመንግሥቷን የብድር ሰነድ፣ የያዘ ባንክ ግን በአንድ ጠዋት ቢሊዮኖች ሸጦ ይወጣል።

ሜሮን፦ በሩን ቢከፍቱትስ?

ሄኖክ፦ ምንዛሪውን እንደ ልብ መቆጣጠር ይቀራል። ቤጂንግ ያን የምትፈልግ አይመስለኝም።

ሜሮን፦ ዕዳውን ግን አልመለስክልኝም።

ሄኖክ፦ ግማሹን ተቀብያለሁ። ነዳጅ ሻጩ ዶላር እስከጠየቀ ድረስ ግማሹ ይቆየን።

ሜሮን፦ እንግዲያው የሚቀጥለው የነዳጅ ኤልሲ ነው፤ ግማሹን እዚያ ላይ እጠይቅሃለሁ።