ላሙ ላይ ሰዓቱ እንደኛ ነው

እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ስለ ላሙ ላወራችሁ ነው። ላሙ በሰሜናዊው የኬንያ ጠረፍ፣ ህንድ ውቅያኖስ ላይ ያለች ደሴት ናት። ስድስት ቀን ቆይቼ መጣሁ። ከመጣሁ ወዲህ የማይጠይቀኝ ሰው የለም፦ "ስድስት ቀን ሙሉ እዚያ ምን ስትሠሪ ነበር?"

እኔም ስሄድ ይኸው ጥያቄ ነበረኝ። ዓመቱን ሙሉ ያለ እረፍት ስሠራ ከርሜ፣ ዝም ብሎ መቀመጥ እንዴት እንደሆነ ጠፍቶብኝ ነበር።

ከናይሮቢ የሚነሳው አውሮፕላን ላሙ ላይ አያርፍም። የሚያርፈው ፊት ለፊቷ ባለችው በማንዳ ደሴት ነው። ከዚያ በጀልባ ትሻገራላችሁ። ያሻገረኝ ባለ ጀልባ በማግስቱ ታክዋ የሚባል የድሮ ከተማ ፍርስራሽ ሊያሳየኝ ተስማማን። ስንት ሰዓት? "ሳ ታቱ" አለኝና ሦስት ጣቱን አሳየኝ። ለውጭ ሰው ማስረዳት ስለለመደ፣ ወዲያው በእንግሊዝኛ ሊያብራራልኝ ጀመረ። "ገብቶኛል፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት" አልኩት። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ከንጋት ጀምሮ ነው። ስድስት "ሲታ" ነው፤ ሰባት "ሳባ"። በሰው አገር፣ ባህር መሀል፣ የቤቴን ሰዓት አገኘሁ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

የላሙ ከተማ ከ700 ዓመት በላይ ሰው ተለይቷት አያውቅም። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2001 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። ቤቶቹ በኮራል ድንጋይና በማንግሮቭ፣ ማለት ባህር ዳርቻ ጨው ውሃ ውስጥ በሚበቅል ዛፍ፣ እንጨት የተሠሩ ናቸው። በመሀላቸው ያለው መንገድ መኪና አያሳልፍም። አሸዋውንም ሲሚንቶውንም የሚሸከመው አህያ ነው። አህያ ከመጣ ግድግዳው ላይ ተለጥፋችሁ ታሳልፋላችሁ።

ከየቤቱ ደጅ ደግሞ የድንጋይ መቀመጫ አለ። ባራዛ ይሉታል። የኛን መደብ አስቡ፣ ግን ውጭ፣ መንገድ ዳር። ሲመሽ ሰው እዚያ ላይ ይወጣል። ቡና ሻጩ ሥሩ ከሰል ያለበት የነሐስ ማንቆርቆሪያ ይዞ ይመጣል። ስኒው እንደኛው ትንሽ ነው፣ ጆሮ የለውም። ቡናው ዝንጅብል አለበት፣ ስኳር የለውም፤ ከቴምር ጋር ነው የጠጣሁት። መጀመሪያ ቀን ቶሎ ጠጥቼ ተነሳሁ። በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ የሚባለው የመግሪብ አዛን ካለ በኋላ ተቀምጬ፣ የሌሊቱ ሶላት፣ የኢሻ አዛንም እዚያው አገኘኝ። ስልኬ የት እንዳለ እንኳ አላስታወስኩም።

የባህር ዳርቻ ለምትወዱ፣ ከሼላ መንደር ጀምሮ 12 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አሸዋ አለ። ጠዋት ሂዱ፤ ጥላ የለም። ወደ ከተማ ስትመለሱ ግን ልብስ ደርቡ። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ነው፤ አክብሮት ነው።

ከሁሉም በላይ ልቤን የወሰደው ግን ታክዋ ነው። የሚገባው በማንግሮቭ ዛፎች መሀል በቀጠነች የውሃ መንገድ ነው፤ ያውም ባህሩ ሲሞላ ብቻ። ሦስት ሰዓት የተባልኩትም ለዚህ ነበር። ታክዋ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ጥሏት የሄደባት ከተማ ናት። ትልቁ መስጊድ ጣሪያው ባይኖርም ቆሟል። ባኦባብ ዛፎች በፍርስራሹ መሀል አድገዋል። ሼላ ያሉ ሰዎች አያቶቻችን ከዚህ ነው የመጡት ይላሉ፤ ዛሬም ለጸሎት ይመጣሉ።

ባለ ጀልባው "ሳ ሳባ ሳይሆን እንውጣ" ብሎኝ ነበር። በደንብ ሰምቻለሁ፤ ሰባት ሰዓት። እኔ ግን ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ስል ሰባት አለፈ። ስንመለስ ጀልባዋ ጭቃ ላይ ተቀምጣለች። ውሃው ሸሽቷል። በጣም ነው ያፈርኩት፤ የሰውየውን ቀን ነው ያበላሸሁት። እሱ ግን አልተቆጣም። ከሰል አያይዞ ዓሣ ጠበሰ። "ሃራካ ሃራካ ሃይና ባራካ" አለኝ። ችኮላ በረከት የለውም ማለት ነው። ባራካ የምትለዋን ቃል ሳይተረጉምልኝ አወቅኳት።

ስድስት ሰዓት ያህል ጠበቅን። በልተን ዝም አልን። ሸርጣኖች ከጭቃው ሲወጡና ሲገቡ አየሁ። ውሃው ሲመለስ ድምፁ ቀድሞ ነው የሚሰማው፤ ሥሮቹ መሀል ቀስ ብሎ ሲገባ። በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ አንድም የሥራ ነገር አላሰብኩም። በዓመት ውስጥ የመጀመሪያዬ ነበር።

ማታ አንድ ሰዓት ሲሆን ጀልባዋ ተነሳች። በከዋክብት ብርሃን ተመለስን። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት፣ ትልቅ ሴት ናቸው፣ ባራዛው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። የት ጠፋሽ አላሉኝም። እግሬ ላይ ያለውን ጭቃ አዩና፣

"ውሃው ሄዶባችሁ ነው አይደል?" አሉኝ።